ለፓስፖርት የሚሆን ፎቶግራፍ የት ይነሡ?

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከመዳፍ ስለሚያንስ ወረቀት ነው። ነገር ግን ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ሰው፥ ደብዳቤው ሁሉ ተፈርሞ ማኅተም ካረፈበት በኋላ፥ በዚህች ትንሽ ፎቶግራፍ ምክንያት ማመልከቻው ሊመለስበት ይችላል።

ወደ ፎቶ ቤት መሄድ ይሻላል ወይስ ቤት ሆኖ በስልክ ተነሥቶ በኢንተርኔት ለሚያዘጋጁ ድርጅቶች መላክ? ብዙ ሰው የሚያመዛዝነው ዋጋውን ነው። እኛ ግን ፎቶግራፉን ማን እንደሚመረምረው አስቀድሞ ማሰብ ይገባል እንላለን። ቀድሞ የሚመረምረው የሹም ዓይን ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን የዓይንን፥ የአፍንጫንና የአገጭን አቀማመጥ ለክቶ የሚያስተያይ መኪና አለ። ስለዚህ የሚፈለገው ማማሩ ሳይሆን ባለቤቱን መምሰሉ ነው።

የአሜሪካን ደንብ እንመልከት። ፎቶግራፉ በ6 ወር ውስጥ የተነሣ፥ ጀርባው ነጭ፥ ልኩም በየጎኑ 51 ሚሊሜትር እንዲሆን ያዛል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከኅዳር 2016 ጀምሮም መነጽር አድርጎ መነሣት ቀርቷል። መልክን በኮምፒዩተር መለወጥም ክልክል ነው። እዚህ ላይ ፎቶ ቤቶቻችን አይቀየሙን፤ ፊትን ማቅላትና ጠባሳን ማጥፋት ለሠርግ ደግ ነው፥ ለፓስፖርት ግን ጉዳት ነው። የኢንተርኔቶቹም ጀርባውን ነጭ ሲያደርጉ አንዳንድ ጊዜ የጠጉርን ዳር ይቆርጣሉ።

ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። በ2014 የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሁለት ሰዎች ፊት ተዋሕዶ የተሠራ አንድ ምስል ለሁለቱም ሊያገለግል እንደሚችል አሳዩ። በ2018 ደግሞ የአንድ የጀርመን ዘመቻ አድራጊ ቡድን አባል ፊቱን በጊዜው የአውሮፓ ኅብረት የውጭ ጉዳይ ኀላፊ ከነበሩት ከፌደሪካ ሞገሪኒ ፊት ጋር አዋሕዶ እውነተኛ ፓስፖርት አወጣ። ጀርመንም ከግንቦት 1 ቀን 2025 ጀምሮ፥ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፥ ፎቶግራፉ በመሥሪያ ቤቱ መኪና እንዲነሣ፥ ወይም የተመዘገበ ባለሙያ አንሥቶ በተጠበቀ መንገድ በቀጥታ እንዲልከው ደነገገች። እንግሊዝ ግን ሌላ ሰው እስካነሣልዎ ድረስ በቤት የተነሣውን ትቀበላለች።

እንግዲህ አስቀድመው የመሥሪያ ቤቱን ደንብ ይጠይቁ። ምርጫው ለእርስዎ ከተተወ ግን እኛ ፎቶ ቤቱን እንመርጣለን። ፎቶግራፉ ቢመለስ ነገ ሄደው «እንደገና አንሣኝ» የሚሉት ሰው አለ። የኢንተርኔቱ ድርጅት የፎቶግራፉን ዋጋ ይመልስ ይሆናል፤ ያለፈብዎን ቀጠሮ ግን አይመልስም። ፊትዎንም ከነስምዎ ለማያውቁት ሰው አስረክበዋልና መቼ እንደሚሰርዘው ሳይጠይቁ አይላኩ።

ወደ ፎቶ ቤት ሲሄዱ የሚፈለገውን ልክ በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ መነጽርዎን ያውልቁ፤ ፊትዎን እንዳያስተካክለው አስቀድመው ይንገሩት፤ ከመውጣትዎ በፊትም የዲጂታሉን ቅጂ ይቀበሉት።