አረፋ የሚያወጣ የገና ስጦታ

እሷ፦ ውሃ ውስጥ ሲገባ አረፋ እያወጣ የሚሟሟውን የመታጠቢያ ኳስ ለገና ስጦታ ቤት ውስጥ መሥራት ያዋጣል ባይ ነኝ። ሁለት እጅ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ እጅ ሲትሪክ አሲድ፣ ጠብ የምትል ዘይት፤ በቃ!

እሱ፦ ቆይ እንጂ፣ ሱቅ ሞልቶ የለ?

እሷ፦ አለ፤ ግን ራስህ ስትሠራው ሽቶውንም ቀለሙንም የምትመጥነው አንተ ነህ። ቆዳው ቶሎ ለሚቆጣ ሰው ሽቶውን ትተወዋለህ። የሱቁ ይህን አያውቅልህም።

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ውሃ ከበዛበት ግን ገና ሳይደርቅ አረፋውን የሚፈጥረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨርሶ ያርፋል።

እሷ፦ ለዚህ እኮ ነው በውሃ ፈንታ አልኮል የሚረጭበት። ሲደርቅ ደግሞ አየር በማያስገባ ዕቃ ይታሸጋል።

እሱ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ቤት ነው ገንዳ ያለው ታዲያ?

እሷ፦ ሳፋ የለም እንዴ? አነስ አድርጎ ለእግር መዘፍዘፊያ ነዋ!

እሱ፦ ይሁን። ብቻ ልጆች ከረሜላ እንዳይመስላቸው «አይበላም» ተብሎ ይጻፍበት።