ለራስ የማይገባ ስድብ

በበዓል ማግስት የቀሚሱ ዚፕ አልዘጋ ሲል ከውስጥ የሚነሳውን ድምፅ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። «ሆዳም! ትናንት ማን ብዪ አለሽ? ዛሬ እህል እንዳትቀምሺ!» እህታችንን እንዲህ አንናገራትም፤ ራሳችንን ግን ገና ቁርስ ሳይቀርብ እንሰድባለን።

ስድቡ ያርመናል የሚሉ አሉ። እኔ አላምንም። ከስድቡ ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ራስን በረሃብ መቅጣት ነው። (ስለ ጾም አይደለም የማወራው፤ ጾም ቅጣት አይደለም።) እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ በተመራማሪው አንሰል ኪስ መሪነት፣ ረሃብ በሰው ላይ የሚያደርሰውን ለማጥናት፣ 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀነሰባቸው። ቀን ከሌት ስለ ምግብ ያስቡ ጀመር፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍት የሚያነቡም ነበሩ። ገደቡ ሲነሳ አንዳንዶቹ ቢበሉ ቢበሉ አልጠግብ አሉ። ሆዳም ስለሆኑ አልነበረም፤ የተራበ ሰውነት ራሱን ለማዳን ሲታገል ነው።

በስድቡ ፈንታ ምን እናድርግ? ለራስ መራራትን ለዓመታት ያጠኑት የሥነ ልቦና ምሁር ክሪስቲን ኔፍ ሦስት ነገር ያነሳሉ፦ ስሜቱን ሳያጋንኑ ማስተዋል፣ ሕመሙ የሌሎችም መሆኑን ማሰብ፣ ለራስ ደግ መሆን። የመጨረሻው ከሁሉም የሚከብድ ይመስለኛል። ዛሬ ድምፁ ሲመጣ «ራሴን መስደብ ጀመርኩ፤ ከፍቶኛል» በሉ፤ ከዚያ ቁርሳችሁን ብሉ። የምግብ ነገር ቀኑን ሙሉ ካስጨነቃችሁ፣ ወይም በልታችሁ ሆን ብላችሁ የምታስመልሱ ከሆነ ደግሞ ሐኪም አማክሩ፤ ይህ የሚታከም ሕመም ነው።