የኤሌክትሪክ መመርመሪያን በሚሞላ ባትሪ ስለ ማሠራት
ለአስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የሰውን ሕይወት የሚነካ ነው። መልቲሜትር፤ በሠራተኞችም አጠራር ቴስተር የሚባለው መሣሪያ፤ በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ መኖሩንና አለመኖሩን ይነግረናል። እርሱ ራሱ የሚሠራው ግን በአንድ ባለ 9 ቮልት ድንጋይ ወይም በባለ 1.5 ቮልት ትናንሽ ድንጋዮች ነው። ድንጋዩ ሲደክም መሣሪያው ዝም ቢል ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ከመጥፋቱ በፊት የተሳሳተ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በሐሰተኛ ምስክር የተሰጠ ፍርድ እንደማይታመን ሁሉ፤ በደካማ ድንጋይ የተለካም ልክ አይታመንም።

ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ውርጫም ደጋ ነው፤ ብርድም የድንጋይን ኃይል ያደክማል። ስለዚህ «መሣሪያውን በሚሞላ ባትሪ ብንለውጠውስ?» የሚል አሳብ ይነሣል። ተሞልቶ ደግሞ የሚያገለግል ባትሪ የፈረንሳዩ ሊቅ ጋስቶን ፕላንቴ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1859 ሠራ፤ ዛሬ በስልካችን ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪም በ1991 ለገበያ ወጣ። አሳቡ መልካም ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ማስተዋልን ይፈልጋል።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው፤ በትናንሾቹ ድንጋዮች ፈንታ በመጠን እኩል የሆኑ የኒኬል ባትሪዎችን ማስገባት ነው። የእያንዳንዱ ኃይል 1.2 ቮልት ስለ ሆነ፤ ሁለቱ ተደምረው 3 ቮልት መሆናቸው ቀርቶ 2.4 ይሆናሉ። ይህን የሚቀበል መሣሪያ አለ፤ ባትሪው ሙሉ ሳለ የድካም ምልክት የሚያሳይም አለ። ባትሪው ወጥቶ ለብቻው ስለሚሞላ፤ ይህ መንገድ ከአደጋ የራቀ ነው።

ሁለተኛው፤ 3.7 ቮልት ያለውን የሊቲየም ባትሪ ኃይሉን ወደ 9 ቮልት ከሚያሳድግ ትንሽ ካርድ ጋር ማያያዝ ነው። በዚህ ላይ ሦስት ነገር ይጠበቅ። ካርዱ መሣሪያው ጠፍቶም ሳለ ኃይል ይጠጣልና፤ ራሱን የቻለ ማጥፊያ ይደረግለት። ሊቲየም ከ0 ዲግሪ በታች ሲሞላ ይበላሻልና፤ በውርጭ ማለዳ አይሞላ። ከሁሉ በላይ ግን መሣሪያው ቻርጀር ላይ ሳለ ቀይና ጥቁር ሽቦዎቹ ምንም ነገር አይንኩ፤ የመስመሩ ኃይል በቻርጀሩ ገመድ አልፎ የያዘውን ሰው ሊመታ ይችላልና። ለቻርጀር ተብሎ ሽፋኑ የተበሳ መሣሪያም የቀድሞ መከላከያው ጎድሎበታልና፤ ለፀሐይ መብራት ባትሪ እንጂ ለቤት መስመር 220 ቮልት መለኪያ አይሁን።

መሣሪያው አልፎ አልፎ ብቻ የሚሠራ ከሆነም አንድ ድንጋይ ብዙ ወር ያገለግላል፤ ያን ጊዜ መለወጡ ከጥቅሙ ድካሙ ይበዛል።

እንግዲህ አስተማሪዎች ሆይ፤ ለተማሪዎቻችሁ ይህን ሥርዓት አስተምሩ፦ በመጀመሪያ ኃይል እንዳለው የታወቀውን ባትሪ ለኩ፤ ቀጥሎ የሚጠረጠረውን፤ በመጨረሻም ተመልሳችሁ የታወቀውን ለኩ። ፊተኛውና ኋለኛው ከተስማሙ መካከለኛው ይታመናል። ሽማግሌዎች ሆይ፤ እናንተም «መብራት ጠፍቷል» በሚል ወሬ ብቻ ማንም ሰው የወደቀ ሽቦ እንዳይነካ ምከሩ፤ ገሥጹም።