ነሐስ አቅላጮችና ሙያቸው



በየጁሙዓው ሱረቱል ከህፍን የምንቀራ ሰዎች 96ኛው አንቀጽ ላይ ስንደርስ ስንቶቻችን ቆም ብለን እናስባለን? ዙልቀርነይን የብረት ቁርጥራጭ አስመጥቶ በሁለቱ ተራሮች መካከል ይሞላል፤ እሳቱን እንዲያናፉ ሰዎቹን ያዛል፤ ብረቱ ሲግም የቀለጠ ነሐስ ያፈስበታል። በሱረቱ ሰበእም ለነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) የነሐስ ምንጭ እንደ ፈሰሰላቸው ተነግሮናል። በሀገራችን ግን በእሳትና በማዕድን የሚያድር ሰው «ቀጥቃጭ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። መስጂድ ውስጥ ትከሻችንን ከትከሻው ገጥመን ሰግደን ስናበቃ፣ ልጃችንን ሲጠይቀን «ዘሩ ምንድን ነው?» የምንል አለን።

እስቲ ሙያው የሚጠይቀውን እንመልከት። ከ5 ሺህ ዓመታት በላይ የቆየው ዘዴ በሰም ነው የሚጀምረው። ባለሙያው የሚፈልገውን ዕቃ በሰም ይቀርጻል፤ በላዩ ስስ ጭቃ፣ ቀጥሎ ወፍራም ጭቃ ይለብጥበታል፤ ሰሙ የሚወጣበትና አየር የሚተነፍስበት ቀዳዳ ይተዋል። ጭቃው ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶው ስፍራ ነሐስ ይፈስበታል። ውስጡ ክፍት የሆነ ዕቃ ከተፈለገ ሰሙ አስቀድሞ በጭቃ እምብርት ላይ ይለበጣል። ምን ያህል ነሐስ እንደሚበቃ ለማወቅ ሰሙን መመዘን ነው፤ የነሐሱ ክብደት የሰሙ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ይሆናል። የሙቀት መለኪያ በሌለበት ዘመን ወደ 1,000 ዲግሪ የሚጠጋውን ግለት የሚለዩት በዓይናቸው፣ ከቀለሙ ነበር። ጭቃው ውስጥ ጥቂት እርጥበት ከቀረ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የጋለውን ነሐስ ወደ ሰውየው መልሶ ይተፋዋል። በመጨረሻም ዕቃውን ለማውጣት ጭቃው ይሰበራል፤ ስለዚህ በአንድ ቅርጽ የሚሠራው አንድ ዕቃ ብቻ ነው።

በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በዚህ ዓይነት ሙያ የተሠራ ትልቅ የዕጣን ማጨሻ አለ። በ577 ዓመተ ሂጅራ (1181/82 እ.ኤ.አ.) በኢራን ምድር የተሠራ፣ 85 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ በአንበሳ መልክ የተበጀ ነው። (የእንስሳት ምስል ብይን ሌላ ርዕስ ስለሆነ ዛሬ አልገባበትም።) በላዩ የአሚሩ ስም ተጽፏል፤ የሠሪው ስምም አብሮ ተጽፏል፦ ጃዕፈር ኢብን ሙሐመድ ኢብን ዐሊይ። የአባቱንና የአያቱን ስም ጠርቶ ነው የፈረመው። በሙያው የሚያፍር ሰው እንዲህ አያደርግም።

አል-ጀዘሪይ ደግሞ በዲያርበኪር በ1206 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቀው መጽሐፉ ለቤተ መንግሥት በር ነሐስ እንዴት እንደሚፈስ፣ ርጥብ አሸዋ በሳጥን ተጠቅጥቆም ቅርጽ እንዴት እንደሚወጣለት ጽፏል። ሌላው የደበቀውን እርሱ ለትውልድ አስፍሮታል። ዛሬም አሉሚኒየም አቅልጠው ድስት የሚሠሩ ወንድሞች የሚጠቀሙት ይህንኑ የአሸዋ ዘዴ ነው።

«ቀጥቃጭ» የሚለውን ስድብ ለለመደ ደግሞ ኸባብ ኢብኑል አረትን (ረ.ዐ.) ላስታውሰው። በመካ ቀጥቃጭ ነበሩ። ለዓስ ኢብን ዋኢል ሰይፍ ሠርተው ዋጋቸውን ቢጠይቁ «ሙሐመድን ካልካድክ አልከፍልህም» አላቸው፤ እርሳቸውም እምቢ አሉ። በዚህ ቀጥቃጭ ጉዳይ የሱረቱ መርየም 77ኛው አንቀጽና ተከታዮቹ ወረዱ።