የፈረሱን አፍ ስለ ማሳረፍ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በአዲስ ከተማ የተደረገ ንግግር)



ስለ ፈረስ ልጓም ንግግር እንዳደርግ የማኅበሩ የሥራ ኮሚቴ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ርእሰ ነገሩ ለዚህ ጉባኤ ያነሰ መስሎኝ ለጥቂት ቀናት አመነታሁ። ስብሰባው በአዲስ ከተማ እንደሚሆን ስሰማ ግን ሐሳቤን ለወጥሁ። ምክንያቱም ስለ ልጓም ካወቅሁት ሁሉ ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚሁ ከመርካቶ ነው፤ ትልቁም ስሕተቴ የተፈጸመው በዚሁ በመርካቶ ዕቃ ነው። ሁለቱንም በየተራቸው አቀርባለሁ።

ትምህርቱን ላስቀድም። በተማሪነቴ ዘመን የተከራየኋት ክፍል ለእህል በረንዳ ቅርብ ነበረችና፣ ማለዳ ማለዳ እህል የተጫኑ አህዮች በሰውና በመኪና መካከል ሲያልፉ እመለከት ነበር። ሸክመኛው ይጮኻል፤ የጭነት መኪናው ጥሩምባ ይነፋል፤ አህዮቹ ግን የሚዞሩበትን ማዕዘን ዐውቀው ይዞራሉ፣ የሚቆሙበትን በር ዐውቀው ይቆማሉ። በራሳቸው ላይ ገመድ እንኳ አልነበረም። ነጂው ከኋላ ሆኖ በድምፁና በዱላው ጫፍ ብቻ ይመራቸው ነበር። እንዲያ ባለ ግርግር ውስጥ አንድ እንስሳ ብረት ሳይጎርስ ሥራውን ፈጽሞ መመለሱን ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም፤ ያስተዋልሁት ሐኪም ከሆንሁ በኋላ ነው።

ፈረስ አህያ አይደለም የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ ዐውቃለሁ፤ እውነትም ነው። አህያ ሲደነግጥ መቆም ይቀናዋል፣ ፈረስ ግን ይሸሻል። ይሁን እንጂ የእህል በረንዳ አህያ አንድ ነገር ያስረዳናል፤ ይኸውም እንስሳን የሚገዛው ከብረት ይልቅ ልማድና ትምህርት መሆኑን ነው።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ነገር አይደግፈኝም። በእኛ ዘንድ ልጓም የመገታት ምሳሌ ነው፤ ቃሉን የማይቈጥበውን ሰው «ለአፉ ልጓም የለውም» እንለዋለን። ፈረስም ክብራችን ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክም አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር። ዛሬም ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ያየ ሰው፣ ሕዝባችን ፈረሱን ምን ያህል እንደሚያስጌጥ ይመሰክራል። ኮርቻውን፣ ግላሱን፣ የግንባሩን ጌጥ እናደንቃለን፤ የፈረሱን አፍ ከፍቶ ማየት ግን ልማዳችን አልሆነም።

እስቲ አሁን አፉን ከፍተን እንመልከት። በፈረስ የፊት ጥርሶችና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ጥርስ የሌለበት ክፍት ቦታ አለ፤ ልጓም የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ቦታው ባዶ ስለ ሆነ ለብረት ታስቦ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ስፍራ የታችኛው መንጋጋ አጥንት ጠርዙ ቀጭን ነው፤ የሚሸፍነውም ድድ ስስ ስለ ሆነ ብረቱ ያለ ከለላ አጥንቱን ይጫነዋል። በአገራችን የኖረው ልጓም ደግሞ ተራ ዘንግ አይደለም። ከአፍ ውስጥ ካለው ብረት ተነሥቶ የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ ቀለበት አለው። ዛቡ ሲሳብ ብረቱ ወደ ላንቃ ይነሣል፤ ቀለበቱም መንጋጋውን ከሥር ይይዛል። ይህ ልጓም ጋሻና ጦር የያዘ ፈረሰኛ በትንሽ ስበት ፈረሱን እንዲያቆም የተበጀ የጦር ሜዳ ዕቃ ነው። በሠለጠነ እጅ ብዙ መሳብ አያስፈልገውም። በጋሪ ላይ ተቀምጦ፣ ዛቡን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በገዛ ክብደቱ ወደ ኋላ የሚስብ ሰው ሲይዘው ግን ጉዳቱ ሌላ ነው።

ጉዳቱ የድኻ ጋሪ ፈረስ ብቻ እንዳይመስለን በፊንላንድ የተደረገ አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው በዚህ ጥናት፣ ከውድድር በኋላ አፋቸው ከተመረመረው 261 የሶምሶማ እሽቅድምድም ፈረሶች መካከል 219ኙ፣ ማለትም ከመቶ 84ቱ፣ ልጓም በሚያርፍበት ስፍራ አዲስ ቁስል ተገኝቶባቸዋል። እነዚህ በሐኪምና በአሠልጣኝ የሚጠበቁ ፈረሶች ነበሩ። ሮበርት ኩክ የተባሉት የእንስሳት ሐኪምም ከባልደረባቸው ጋር ሆነው፣ 66 ፈረሶች ከልጓም ወደ ልጓም አልባ መግቻ ሲዛወሩ የሕመም ምልክታቸው ከመቶ 87 እጅ መቀነሱን ገልጸዋል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መልሱን የሰጡት ባለፈረሶቹ ራሳቸው ናቸው፤ ኩክም የልጓም አልባ መግቻ ፈልሳፊ ነበሩ። ስለሆነም ጥናቱን አቅጣጫ እንደሚያሳይ ምልክት እንጂ እንደ መጨረሻ ፍርድ አልወስደውም።

ለእኛ አገር ሐኪም ግን ከሕመሙም በላይ የሚያሳስብ ነገር አለ፤ እርሱም ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ ነው። ይህ በፈንገስ የሚመጣ በሽታ የጋሪ ፈረሶቻችንን ለብዙ ዘመን ሲፈጅ የኖረ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሽታው በተከፈተ ቁስል ይገባል፤ ከፈረስ ወደ ፈረስ በሚዛወር የፈረስ ዕቃም ይተላለፋል። የጋሪ ፈረስ ሲታመም ከሥራ የሚወጣው ፈረሱ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራም አብሮ ይቋረጣል።

ወደ ስሕተቴ ደረስሁ። ሥራ በጀመርሁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ባለጋሪ ዳማ ባዝራ ይዘው መጡ። ልጓሟ ከፌሮ ቍራጭ የተቀጠቀጠ ነበር፤ ምላሷን እስከ ግማሽ ድረስ ቈርጦታል። እኔም ቁስሉን አጥቤ፣ «አባቴ፣ ይህን ብረት ዳግመኛ አፏ ውስጥ አያግቡ» ብዬ አሰናበትኋቸው። በምን እንደሚተኩት አልነገርኋቸውም። እርሳቸውም መርካቶ ወርደው የናይሎን ገመድ ገዙ፤ አፍንጫዋ ላይ፣ ከቀዳዳዎቹ ጥቂት ከፍ አድርገው አሰሩት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ገመዱ ቆዳውን ልጦ አጥንቱን አሳይቶ ነበር፤ ባዝራዋም በሩጫ ጊዜ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። «ዶክተር፣ ያሉኝን አድርጌአለሁ፤ ብረቱን አውጥቻለሁ። ታዲያ ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። የነገርኋቸው የምክሩን እኩሌታ ብቻ ነበር፤ የእኩሌታ ምክር ደግሞ ከዝምታ የከፋ ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን ተማርሁ።

እንግዲህ ምክሩን ሙሉ ለማድረግ፣ ያለ ልጓም ፈረስን የሚገቱ ዕቃዎችን በአራት መክፈል ይቻላል። አንደኛው፣ ዛቡ በአፍንጫው ጠፍር ግራና ቀኝ የሚታሰርበት ነው፤ ቀላልና ገር ነው፤ ለመጀመሪያ የምመክረውም ይህን ነው። ሁለተኛው፣ ጠፍሮቹ ከመንጋጋ ሥር ተላልፈው ጭንቅላትን በሙሉ የሚያቅፉበት ነው፤ ግፊቱን ያከፋፍላል፤ ነገር ግን ዛቡ ሲለቀቅ ቶሎ የማይላላ ከሆነ ፈረሱ ዕረፍት አያገኝም። ሦስተኛው፣ በአሜሪካ ከብት ጠባቂዎች ዘንድ የታወቀው ከጠጕርና ከጠፍር የተጐነጐነ የአፍንጫ ቀለበት ነው፤ የለመደ እጅ ይፈልጋል። አራተኛው፣ በጐንና በጐን የብረት ክንድ ያለው ነው። በዚህኛው ተጠንቀቁ። አፍ ውስጥ ባይገባም ክንዱ የእጅን ጉልበት ያበዛል፤ የአፍንጫን አጥንትና መንጋጋን እንደ ጉጠት ይይዛል። ልጓም አልባ መባሉ ብቻውን ገር አያደርገውም።

አመራረጡን በሚመለከት ከአራቱም የሚቀድመው የአቀማመጡ ነገር ነው። ፈረስ በአፉ አይተነፍስም፤ መተንፈሻው አፍንጫው ብቻ ነው። ስለዚህ ጠፍሩ ለስላሳው ስፍራ ላይ ከወረደ ትንፋሹን ያግዳል፤ የአፍንጫው አጥንትም ወደ ጫፉ እየሳሳ ስለሚሄድ ይጐዳል። ጠፍሩ መዋል ያለበት በጽኑው አጥንት ላይ፣ ከጉንጭ አጥንቱ ሸንተረር ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነው። በአፍንጫው ድልድይና በጠፍሩ መካከል ሁለት ጣት ያለ ችግር መግባት አለበት። የጉንጩ ጠፍር ወደ ዓይን እንዳይንሸራተት፣ ዘለበቱም አጥንት ላይ እንዳያርፍ ማየት ያስፈልጋል። ከመግጠም በፊት ጥርሱ ይመርመር፤ የመንጋጋ ጥርሶቹ የውጭ ጠርዝ ከሾለ፣ ከውጭ የሚጫነው ጠፍር ጉንጩን ከውስጥ ያቈስለዋልና።

ይህ ሁሉ ከውጭ አገር በሚመጣ ዕቃ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። መርካቶ በጣልያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደዚህ ከተዛወረ ወዲህ፣ የአሮጌ ዕቃ ብልሃተኞች መናኸሪያ ሆኖ ኖሯል። ምናለሽ ተራ ቀለበትና ዘለበት የሚቀጠቅጥ እጅ አይጠፋም፤ ቆዳ ሰፊም አለ። ሁለት ጣት ስፋት ያለው ለስላሳ ጠፍር፣ በውስጡ የበግ ለምድ፣ በጐንና በጐን ሁለት ቀለበት፤ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም። ከጎማ ተራ የሚገኝ የከመነዳሪ ቅዳጅ ርካሽ ቢሆንም ላብ ስለሚይዝና ቆዳ ስለሚፍቅ ያለ ለምድ አይደረግ። ናይሎን ገመድማ ምን እንዳደረገ ነግሬአችኋለሁ። ለምዱ ታጥቦ ይደረቅ፤ አንዱም ዕቃ ለሁለት ፈረስ አይዋል።

የደኅንነትን ነገር ሳላነሣ ብቀር ታማኝ አልሆንም። ፈረስን ከለመደው ልጓም በአንድ ቀን አላቅቆ መኪና የሚርመሰመስበት አስፋልት ላይ ማውጣት፣ ለነጂውም ለመንገደኛውም አደጋ ነው። መጀመሪያ በአጥር ግቢ ውስጥ፣ በእግር እየመሩ፣ በድምፅና በቀላል ስበት መቆምንና መዞርን ማስተማር ይገባል። ከዚያ በኋላ ሁለት ዛብ ይደረግ፤ አንዱ ከልጓሙ፣ ሁለተኛው ከአፍንጫው ጠፍር ይታሰር። ነጂው በአፍንጫው ዛብ ይንዳ፤ የልጓሙ ዛብ ለክፉ ቀን ላልቶ ይቈይ። ፈረሱ ለሳምንታት የልጓሙ ዛብ ሳያስፈልገው ከሠራ በኋላ ብቻ ብረቱ ይውጣ። ቍልቍለት ላይ ከባድ ጭነት የሚጐትት ፈረስ ካለ፣ ቀድሞ የሚታሰበው የጋሪው ፍሬንና የጭነቱ ልክ ነው። ጋሪን በፈረስ አፍ ማቆም ከመጀመሪያውም ስሕተት ነበር።

ባለጋሪው ልጓሙን አላስወጣም ቢል ደግሞ አንጣላው። ለስላሳ፣ ወፍራም፣ ዝገት የሌለበትና ለአፉ ልክ የሆነ ብረት እንዲይዝ ብናደርገው፣ ፈረሱ ከፌሮው ተርፏል።

ባልደረቦቼ፤ ከእናንተ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። ለማናቸውም ሕመም የሚመጣላችሁን ፈረስ አፉን ከፍታችሁ እዩ። ያያችሁትን ቁስል ከነስፍራው በመዝገባችሁ ጻፉ። አንድን ዕቃ አውጡ ስትሉም፣ በምን እንደሚተካና ጠፍሩ የት ላይ እንደሚውል በጣታችሁ አሳዩ። ያች ዳማ ባዝራ በመጨረሻ በለምድ በተሸፈነ ጠፍር ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ የአፍንጫዋ ጠባሳ ግን እስከ መጨረሻው አብሯት ኖረ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አበው። የእኛም ድርሻ ይኸው ነው፤ የሚያደርሰንን ፈረስ፣ ሲያደርሰን እንዳይቈስል መጠበቅ።