በብሩዥ ከተማ የመጀመሪያው ቀን
በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ለቁጠባ ሥልጠና ወደ ብራስልስ የተላክነው ሦስት አባላት የሥልጠናውን ሪፖርት በጽሑፍ አስገብተናል። ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ሥልጠናው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ስላየናት ከተማ፣ ስለ ብሩዥ ነው። «እናንተ ሽርሽር ሄዳችሁ እኛን ምን ቸገረን?» የምትል አትጠፋም። ትንሽ ታገሡን፤ ነገሩ ወደ ሣጥናችን ይመጣል።

ከሦስታችን ሁለታችን ከሀገር ስንወጣ የመጀመሪያችን ነው። ሦስተኛዋ ሁላችሁም «እትዬ» የምትሏቸው እናታችን ናቸው። በአውሮፕላን አስተናጋጅነት ብዙ ዓመት ሠርተዋል፤ ያላዩት አገር ጥቂት ነው። ብራስልስንም ደጋግመው ያውቋታል፤ ወደ ብሩዥ ግን እሳቸውም ገና መሄዳቸው ነበር። እኛ ሁለታችን ማታውን ቁጭ ብለን የሚታዩ ቦታዎችን ዝርዝር አዘጋጅተን ነበር። እትዬ አነበቡት፣ አጠፉት፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ሰው ቤት በእንግድነት ስትገቡ ሳሎኑን ያሳዩዋችኋል፤ የቤቱ ነገር ያለው ግን ጓዳ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጓዳውን እንፈልግ፤ ሳሎኑ የትም አይሄድም» አሉን።

ብሩዥ ከብራስልስ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። አስጎብኚ አውቶቡሶች ሰዉን ሳያራግፉ ለመድረስ በማለዳው ባቡር ሄድን። በእትዬ ትእዛዝ ያረጀ ጫማ አድርገናል፤ ቦርሳችን ውስጥ ዳቦና ከአገር ቤት የመጣ ቆሎ አለ። በዚያን ቀን ምንም ዕቃ እንዳንገዛም ተነግሮናል፤ ዋጋ መጠየቅ ብቻ ነው የተፈቀደው። መንገዱ ሁሉ የድንጋይ ንጣፍ ነው፤ የእኛ ኮብልስቶን በሉት። ከጣቢያው ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ አውቶቡስ ቆሞ ሳለ እትዬ «በእግሩ የገባ ሰው ሲወጣ አይጠፋም» ብለው አስቀሩን።

በእግር በመሄዳችን መጀመሪያ ያገኘነው ታላቁን አደባባይ አልሆነም። ከጣቢያው ብዙም ሳንርቅ ሐይቅ መሰል ውሃ አለ፤ ከዚያ አጠገብ በድንጋይ ድልድይ ተሻግረው የሚገቡበት ትልቅ በር። ከበሩ ወዲያ ሰፊ ሣር፣ ረጃጅም ዛፎች፣ ዙሪያውን ነጫጭ ቤቶች። ጎብኚ ድምፁን እንዲቀንስ ይጠየቃል። ገዳም ነው ብለን ነጠላችንን አስተካከልን።

ገዳም አልነበረም። ቤጊን የሚባሉ ሴቶች ግቢ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት (የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያ አገር ላለች ሴት የሚታዩት መንገዶች ሁለት ነበሩ፤ ባል ወይም ገዳም። ባሏ የሞተባት፣ ያላገባች፣ ጥሎሽ የሌላት ግን ብዙ ነበረች። እነዚህ ሴቶች ተሰባስበው በጸሎትና በሥራ አብረው መኖር ጀመሩ። እስከ ዕለተ ሞት የሚያስር የምንኩስና ቃል ኪዳን አይገቡም ነበር። ንብረታቸው የራሳቸው ነው፤ ማግባት የፈለገች ወጥታ ታገባለች። የበግ ፀጉር እያጠቡና እየፈተሉ፣ በሽተኛ እያስታመሙ፣ ልጆች እያስተማሩ በራሳቸው እጅ ይተዳደሩ ነበር። ደንብ ነበራቸው፤ አለቃም ነበረቻቸው። የብሩዡን ግቢ የፍላንደርስ ገዢ ካውንቴስ ማርጋሬት በ1245 ገደማ ከለላ ሰጥታ አጽንታዋለች።

ሁሉም ያማረ ነበር ለማለት አይደለም። ሀብታሟ ቤጊን የራሷ ቤት ሲኖራት ድሃዋ ከሌሎች ጋር ተዳብላ ነበር የምትኖረው። ባልም ገዳምም የማያዛት ሴት ደግሞ ያኔም ታስፈራ ነበር። ከቤጊኖች ወገን እንደነበረች የሚነገርላት ማርጋሬት ፖሬት መጽሐፍ በመጻፏ በ1310 ፓሪስ ላይ በእሳት ተቃጥላለች። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን የቤጊኖች ንብረት ከእጃቸው ወጣ፤ መወረስ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በ1927 የብሩዡን ግቢ የቤኔዲክት ማኅበር መነኮሳት ተረከቡት፤ በዓለም የመጨረሻዋ ቤጊን የተባሉት እናት በ2013 ኮርትሬይክ በምትባል ከተማ አርፈዋል። ዩኔስኮ በ1998 በቅርስነት ከመዘገባቸው 13 የፍላንደርስ ቤጊን ግቢዎች አንዱ ይኸው የብሩዡ ነው።

ሰባት መቶ ዓመት! እኛ ደንባችንን ለማሻሻል ሁለት ጉባኤ ፈጅቶብናል።

ወደ እኩለ ቀን ከተማዋ በሰው ተሞላች። የዳንቴል ሱቆች አጠገብ ቆምን። እኛ በኪሮሽ የምንሠራውን እነሱ ትራስ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክተው፣ በትናንሽ የእንጨት ዘንጎች ላይ የተጠመጠመ ክር እያሻገሩ ይሠሩታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ብሩዥ ድሃ በነበረችበት ጊዜ ብዙ ሴቶችና ልጃገረዶች በዚህ ሥራ ሲለፉ ክፍያቸው ትንሽ ነበር፤ ትርፉ የነጋዴው። ዋጋ ጠይቀን ወጣን።

ከዋናው መንገድ ገባ ስንል ሌላ ዓይነት ቤት አገኘን። ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ በአንድ ረድፍ የተሠሩ፣ የጋራ የአትክልት ቦታ ያላቸው ቤቶች ናቸው። ስማቸው ሲተረጎም «የእግዚአብሔር ቤቶች» ማለት ነው፤ በብሩዥ ከ40 በላይ እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉ። ሀብታም ቤተሰቦችና የሙያ ማኅበራት ለድሆች፣ ለሽማግሌዎችና ለባልቴቶች ያሠሯቸው ናቸው፤ ደ ሞለናር የሚባለው በ1613 የተሠራ ነው። የገባ ሰው ለሠሪው ነፍስ እንዲጸልይ ግዴታ ነበረበት። ዛሬም አረጋውያን ይኖሩባቸዋል፤ መስኮቱ ላይ አበባ፣ በሩ ላይ ብስክሌት አይተናል።

እዚያው መንገድ ላይ ተከራከርን። እትዬ «የጠዋቱ ሥራ ነው፤ ይኼኛው ስጦታ ነው» አሉ። አንዳችን ስጦታ ምን ነውር አለው ብለን ተቃወምን፤ የእኛ ሣጥን ራሱ የተገዛው ዛሬ እዚህ በተቀመጡት ወዳጆቻችን ገንዘብ ነው። እትዬ ቆሎአቸውን እየቆረጠሙ «ስጦታውንማ እግዜር ይስጣቸው። እኔ የምጠይቀው ማን ገብታ ማን እንደምትወጣ የሚወስነው ማን ነው ብዬ ነው» አሉን። ያን ጊዜ መልስ አልሰጠናቸውም።

አደባባዩ የደረስነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የደወሉ ማማ 83 ሜትር ቁመትና 366 ደረጃ አለው። እትዬ ጉልበታቸውን ቆጥበው ታች ቀሩ፤ እኛ ወጣን። ከላይ ስለሚታየው ብዙ ሰው ጽፏል። እኛን ያቆመን ከታች በኩል ያለው፣ በወፍራም ብረት ፍርግርግ የተዘጋው የከተማው ግምጃ ቤት ነው። የከተማዋ መብት የተጻፈባቸው ሰነዶች እዚያ ይቀመጡ ነበር። መክፈቻው ብዙ ቁልፍ ነው፤ ቁልፎቹ በተለያዩ ሰዎች እጅ ስለነበሩ አንዱ ብቻውን ሊከፍት አይችልም። እኛ ሦስት ቁልፍ ያዦቻችን አንዷ ስትቀር ስንነታረክ እንውላለን። ይህ አሠራር ለድሃ ሴቶች የተፈለሰፈ አለመሆኑን እዚያ አየን፤ በዘመኑ ሀብታም የነበሩ ነጋዴዎች ከተማም እርስ በርስ ሲተማመኑ ቁልፍ አከፋፍለው ነበር።

ከማማው ወርደን ይህን ስንነግራቸው እትዬ «ጓዳው ይኼ ነው» አሉ።

አሁን ወደ ሣጥናችን እንምጣ። ሒሳቡን የምንይዘው እኛው ስለሆንን በግልጽ እንናገር። በየዓመቱ መጨረሻ ሣጥኑን ከፍተን ሁሉን እንካፈላለን። መስከረም ሲመጣ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ አለ፤ ያ ገንዘብ የብዙ ቤት እስትንፋስ ነው፤ የሚነካው ከመጣ መጀመሪያ የምንጮኸው እኛ ነን። ነገር ግን ከመሥራቾቻችን መካከል ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጡረታ የሌላቸው፣ አከራይ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ዕቃቸውን ተሸክመው የሚዞሩ እናቶች አሉ። ስማቸውን አንጠራም፤ ታውቋቸዋላችሁ። ሣጥኑ በየዓመቱ ባዶ ስለሚሆን አንዲት ክፍል እንኳ በማኅበሩ ስም ልንይዝላቸው አልቻልንም።

ስለዚህ ከትርፉ፣ ማለትም ከብድር ወለድና ከቅጣት ከሚገኘው ብቻ፣ የተወሰነው ሳይከፋፈል በባንክ በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥ፣ ለአረጋውያን አባላት መኖሪያ እንዲውል ሐሳብ አቅርበናል። መዋጮአችሁ አይነካም። ወዳጆቻችን ልትጨምሩበት ብትወዱ እጃችሁን አንመልስም፤ ግን ማን እንደምትገባ የሚወስነው ጉባኤው ይሁን እንላለን። የእትዬ ጥያቄ መልሱ ለእኛ ይህ ነው። «ትርፉም ቢሆን የላባችን ነው» የምትሉ አላችሁ፤ እሱም እውነት ነው፤ ተነሡና ተናገሩ።

ጉዳዩ በአጀንዳ ተራ ቁጥር 4 ተይዟል፤ ድምፅ የሚሰጠው ከምሳ በኋላ ነው። የብሩዥ ጉዞ የባቡርና የማማው መግቢያ የተከፈለው ከራሳችን ኪስ ነው፤ ደረሰኙን ማየት የምትፈልግ ገንዘብ ያዧን ትጠይቅ።