ለማኅበረሰቡ ጣቢያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?



በጌዴኦዋ ወናጎ በቡና ለቀማ ወቅት ሥራ አይፈታም። ቀይ እሸቱ በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ አርሶ አደሩ እያገላበጠ ጆሮውን ለሬዲዮ ይሰጣል። የቡናውን ዋጋና የዝናቡን ነገር በገዛ ቋንቋው፣ በጌዴኡፋ መስማት ይሻል። ይህን የሚያደርስለት የማኅበረሰብ ጣቢያ ነው። ግን በምን ይኑር?

በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ለትርፍ የማይሠራ አገልግሎት አድርጎ ያውቀዋል። ፈቃድ ብቻውን ግን ጣቢያ አያቆምም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይጠይቃል፤ ማሰራጫው ሲበላሽ ባለሙያና መለዋወጫ ከሩቅ ይጠበቃል። በትንሽ ከተማ ማስታወቂያ የሚያስነግር ነጋዴም ብዙ አይገኝም።

የሌላ አገር ምሳሌ ብንወስድ፣ አሜሪካ በ1984 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣችው ሕግ፣ ከተሞች ከኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያዎች ገቢ እስከ 5 በመቶ እንዲያስከፍሉ ፈቀደች። ኩባንያው በሕዝብ መንገድ ሽቦ ስለሚዘረጋ የሚከፍለው ኪራይ መሆኑ ነው። ብዙ ከተሞች ከዚሁ ለአካባቢያቸው ቴሌቪዥን ያካፍላሉ። ዛሬ ተመልካቹ ወደ ኢንተርኔት ሲዞር ያ ገቢ እየመነመነ፣ በሕግ ይጠበቅልን የሚለው ጥያቄም እየበረታ ነው።

ለእኛም የሚበጀን ምንጩና መጠኑ በሕግ የታወቀ ድጋፍ ይመስለኛል። በየዓመቱ በደጅ ጥናት የሚገኝ ገንዘብ ጣቢያውን የሰጪው አፍ ያደርገዋል።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የምክር ቤት አባላት ሆይ፣ መልክዓ ምድሩን ጠብቀው ያቆዩት አባቶች በቋንቋቸው የሚናገሩበት ጣቢያም በጀት ይኑረው።